ሐምራዊ ሁሉ የውሃ አበባ አይደለም

የእንጦጦ ሸንተረር ውሃን ለሁለት ይከፍላል፤ በሰሜን ገጹ የወረደው ወደ ዓባይ፣ በደቡቡ የወረደው ወደ አዋሽ ይሄዳል። የቀበና ወንዝ ከደቡቡ ወገን ነው። የካን አልፎ፣ የከተማውን ፍሳሽ ተሸክሞ፣ ከትልቁ አቃቂ ጋር አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባል። እዚያ ውሃው ላይ የተነጠፈውን ሐምራዊ አበባ ያየ ሁሉ «የውሃ አበባ» ይለዋል።

እውነቱ ሌላ ነው። ያ እምቦጭ ነው፤ ትውልዱ ደቡብ አሜሪካ፣ ቤተሰቡም ሌላ። በአገራችን መታየቱ የተመዘገበው በ1965 እ.ኤ.አ. ቆቃና አዋሽ ላይ ሲሆን ጣና ላይ የታወቀው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። ከከተማ የሚወርደው ፍሳሽ ማዳበሪያው ነው።

መለየት አይከብድም። የእምቦጭ ቅጠል ከውሃው በላይ ይቆማል፣ አንገቱ አብጦ አየር ይይዛል፣ ሥሩ ሳይተከል ይንሳፈፋል፣ በአንድ ዘንግ ላይ ብዙ አበባ ያወጣል። የውሃ አበባ ግን ሥሩ ጭቃ ውስጥ ነው። ክብ ቅጠሉ ውሃው ላይ ይተኛል፤ ጠርዙ እስከ አንገቱ የተሰነጠቀ ነው። የሚተነፍስበት ቀዳዳ ያለው በቅጠሉ የላይኛው ገጽ ሲሆን አየሩ በአንገቱ ውስጥ ባሉ ቱቦዎች እስከ ጭቃው ይወርዳል። በአንድ ዘንግ አንድ አበባ ብቻ!

«ሁለቱም አረም ስለሆኑ አብረው ይነቀሉ» የሚለው ደግሞ ያሳስበኛል። ሰማያዊውና ነጩ የውሃ አበባ የጣና ነባር ዕፅዋት ናቸው፤ የዓሣ ጫጩት ከቅጠላቸው ሥር ይጠለላል። ሰማያዊው ቀን፣ ነጩ ማታ ይፈካል። በ1922 እ.ኤ.አ. በተከፈተው የጥንቱ የግብፅ ንጉሥ የቱታንክሐሙን መቃብር የአበባ ጉንጉን ውስጥ የተገኘውም ይኸው ሰማያዊ አበባ ነው። ሰዎች «ሎተስ» ይሉታል፤ የእስያው ቅዱስ ሎተስ ግን ዘመዱ አይደለም።

«እንጦጦ ምንጭ ላይም ይበቅላል» ለሚሉም፦ የውሃ አበባ የሚወደው ሞቅ ያለና የረጋ፣ ጥልቀት የሌለው ውሃ ነው። የእንጦጦ ጅረት ቀዝቃዛና ቁልቁል ነው፤ የክረምት ጎርፉም ጭቃውን ጠርጎ ይወስደዋል።

ለግቢያችሁ ኩሬ አበባ ስትፈልጉ ከአባ ሳሙኤልም ሆነ ከቆቃ አታምጡ። የእምቦጭ አንዲት ቁራጭ ለመራባት ትበቃለች። የተነቀለውንም ከውሃ አርቃችሁ አድርቁት እንጂ ወንዝ ውስጥ አትጣሉት።