በጎተራ የተረሳ አውቶሞቢልና የሆሳዕና ብረት

በኤውሮፓ የባላገር ጎተራ ሲባል፣ በኢትዮጵያ እንደሚታወቀው በጭቃ የተመረገ የእህል ማስቀመጫ አይደለም። ጣራው ከፍ ያለ፣ በሩ ሠረገላ የሚያስገባ፣ ድርቆሽና የእርሻ መሣሪያ የሚከማችበት ትልቅ አዳራሽ ነው። አባት ለልጅ፣ ልጅም ለልጅ ልጅ እያወረሰው አንድ መቶ ዓመትና ከዚያም በላይ ሲቆም፣ በአንደኛው ትውልድ የተቀመጠውን ዕቃ ሦስተኛው ትውልድ ሳያውቀው የሚቀርበት ጊዜ ብዙ ነው። ስለዚህ ሽማግሌው ሲሞትና ወራሾች ንብረት ለመካፈል በሩን ሲከፍቱ፣ ከድርቆሹ በስተኋላ አቧራ የለበሰ፣ ጎማው የረገበ፣ ዶሮ የሰፈረበት አውቶሞቢል ያገኛሉ። ቀድሞ ብረት ለቃሚ ተጠርቶ ይሰጠው የነበረውን ይህን ዕቃ ዛሬ ባለጠጎች ከሩቅ አገር መጥተው በጨረታ ይሻሙበታል።

ከዚህ ዐይነቱ ነገር ሁሉ ስሙ ገናና የሆነው በምዕራብ ፈረንሳይ ገጠር የተገኘው የሮዤ ባዮን ሀብት ነው። ይህ ሰው በካሚዮን ሥራ የበለጸገ ነጋዴ ሲሆን፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሌላው ሰው አሮጌ አውቶሞቢሎችን ለብረት ማቅለጫ ሲሸጥ እርሱ ሙዚየም አቆማለሁ ብሎ እየገዛ ያከማች ነበር። ንግዱ ቢከስር ሙዚየሙ ሳይቆም ቀረ፤ ከፊሉ ተሸጠ፣ የቀረውም በሜዳ ላይ በተሠራ የቆርቆሮ ዳስ ሥር ዐርባ ዓመት ያህል ተቀመጠ። ሐራጅ አውጪዎች በ2007 ዓ.ም. በደረሱ ጊዜ 60 ያህል አውቶሞቢሎች አገኙ። በዚሁ ዓመት በጥር ወር በፓሪስ ሲሸጡ ጠቅላላ ዋጋቸው ከ25 ሚሊዮን ኤውሮ በላይ ሆነ፤ ከነዚህም ውስጥ በ1953 ዓ.ም. ገደማ የተሠራ አንድ ፌራሪ ብቻውን ከ16 ሚሊዮን ኤውሮ በላይ አወጣ። ይህ ፌራሪ በተገኘ ጊዜ በላዩ አሮጌ ጋዜጦች ተቈልለውበት ነበር። ጋዜጣ ከተነበበ በኋላ ዋጋ የለውም የሚሉ ሰዎች ይህን ቢሰሙ መልካም ነው።

በእንግሊዝ አገርም በኒውካስል አጠገብ አንድ የሕክምና ዶክተር በ1929 ዓ.ም. የተሠራ ቡጋቲ በጋራዡ ዘግቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ሳይነዳው ኖሮ ሞተ። ወራሾቹ በ2001 ዓ.ም. በፓሪስ ሲያሸጡት 3.4 ሚሊዮን ኤውሮ አስገኘ። ከዚህ ይልቅ የመንግሥት ሹማምንትን የሚመለከተው ግን የሌላው ቡጋቲ ታሪክ ነው። በስዊስና በኢጣሊያ መካከል ባለው በማጆሬ ሐይቅ ዳር ሳይነዳ የቆመ አንድ አውቶሞቢል የጉምሩክ ቀረጥ ስላልተከፈለበት የጉምሩክ ሠራተኞች በሰንሰለት አስረው በ1928 ዓ.ም. ሐይቁ ውስጥ ጣሉት ይባላል። በ1959 ዓ.ም. ጠላቂ ዋናተኞች አገኙት፤ በሐምሌ ወር 2001 ዓ.ም. ደግሞ ሕዝብ እያየ ተጎትቶ ወጣ። አንዱ ጎኑ በዝገት አልቆ ሳለ በቀጣዩ ዓመት በ260,500 ኤውሮ ተሸጠ፤ የገዛውም የአሜሪካ ሙዚየም ሳያድስ እንደ ወጣ አኖረው። ቀረጡ በጊዜው ተከፍሎ ቢሆን ኖሮ ይህ አውቶሞቢል እንደ ብጤዎቹ ተነድቶ ባለቀ ነበር።

ያልታደሰ ዕቃ ከታደሰው ይልቅ ለምን እንደሚወደድ ለጊዜው ግር ሊል ይችላል። ነገሩን ግን የቤተ ክርስቲያን ሊቃውንት ከማንም ይልቅ ያውቁታል። አንድ ጥንታዊ ብራና ዐዲስ ገበታ ተለውጦለት፣ ኅዳጉ ተፍቆ ቢያምር፣ በኅዳጉ ላይ ተጽፎ የነበረው የሰጪው ስምና የዘመኑ ማስታወሻ አብሮ ይጠፋል። በአውቶሞቢልም እንዲሁ ነው። ፋብሪካው በሻንሲውና በሞተሩ ላይ የቀረጸው ቁጥር፣ የመጀመሪያው ቀለም፣ በበሩ ላይ የተጻፈው የመሥሪያ ቤት ስም፣ በኪሱ የቀረው የጉዞ ወረቀት፣ እነዚህ ሁሉ የዕቃው ምስክሮች ናቸው። ብረቱን መልሶ መሥራት ይቻላል፤ ምስክሩን ግን አይቻልም።

እንግዲህ ይህን ይዞ ወደ ሐዲያና ወደ ከምባታ አገር ሲመለሱ ነገሩ ሌላ መልክ ይይዛል። ቀድሞ ዋቸሞ ትባል የነበረችው ከተማ በራስ አባተ ቧያለው ግዛት ዘመን የበዓለ ሆሳዕናን ስም እንደ ወሰደች ይነገራል። ስለዚህ ከተማይቱና በኢትዮጵያ ምድር የመጀመሪያው አውቶሞቢል ዕድሜያቸው የተቀራረበ ነው፤ ቤንትሌ የተባለው እንግሊዛዊ ከባሕር ጠረፍ ተነሥቶ በረሃውን አቋርጦ ለዳግማዊ ምኒልክ አውቶሞቢል ያመጣው በ1900 ዓ.ም. ነውና። ይሁን እንጂ አዲስ አበባ የደረሰው መንኰራኵር ወደ ደቡብ ለመውረድ ብዙ ዘመን ፈጅቶበታል። በ1920 ዓ.ም. በዶክተር ላምቢ መሪነት ወደዚሁ አገር የመጡት የውጭ አገር ሚሲዮናውያን እንኳ ከአዲስ አበባ የተነሡት በበቅሎ ነበር።

መንገዱ ከተጠረገ በኋላ የመጡት ተሽከርካሪዎች ስማቸው እስከ ዛሬ በሽማግሌዎች አፍ አለ። ፊያት 634 የተባለውን የጣልያን ካሚዮን ሕዝቡ በጣልያኖቹ አቈጣጠር «ትሬንታ ኳትሮ» አለው። ከዚያ ወዲህ የመጣው ፊያት 682 ደግሞ «ኤንትሬ» ተባለ፤ ይህኛው ከ1940ዎቹ ጀምሮ እየተሠራ እህልና ቡና፣ ጨውና ሰው ተሸክሞ ያልወጣው ዳገት የለም። የአውራጃ ገዥውና የእርሻ ባለሙያው፣ የሕክምናው ሠራተኛና ሚሲዮኑ ደግሞ በላንድሮቨር ይሄዱ ነበር። ላንድሮቨር በ1940 ዓ.ም. ለሕዝብ ሲገለጥ ከጦርነቱ የተነሣ በእንግሊዝ አገር ብረት በራሽን ስለ ነበረ አካሉ በአልሙኒየም ተሠራ። ይህ በእንግሊዝ ችግር የተወለደ ብልሃት በኋላ በኢትዮጵያ ገበያ ምን እንዳስከተለ ከዚህ በታች ይታያል።

እነዚህ ሁሉ የት ደረሱ ተብሎ ቢጠየቅ፣ በጎተራ ውስጥ አይገኙም። የሐዲያና የከምባታ ገበሬ ሰፊው የሣር ቤቱ ከብቱንና ቤተ ሰቡን በአንድነት የሚይዝ ነው፤ እንሰቱ በጓሮው ይበቅላል፣ ቆጮውም በጉድጓድ ይቀበራል፤ ሥራ የማይሠራ ዕቃ ሃምሳ ዓመት የሚቆምበት ትርፍ አዳራሽ ግን ከወዴት ይመጣል? ከ2,000 ሜትር በላይ በሆነው ደጋ ደግሞ ክረምቱ ብርቱ ስለ ሆነ በሜዳ የቆመ ብረት ፈጥኖ ይዝጋል። ሳይዝግም እጅ ይደርስበታል። ባሌስትራው በቀጥቃጭ ምድጃ ገብቶ ማረሻና ቢላዋ፣ ማጭድም ይሆናል። ጎማው በረባሶ ሆኖ የሰው እግር ያጫማል። የላንድሮቨሩ አልሙኒየም ቀልጦ ድስት ሆኖ ወጥ ይሠራበታል። የቀረውን በየሰፈሩ እየጮኸ የሚዞረው ቁራሌው ይወስደዋል፤ ከዚያም አዲስ አበባ መርካቶ ምናለሽ ተራ ይደርሳል ወይም ወደ ብረት ማቅለጫ ይሄዳል። ይህን ድንቁርና ማለት ስሕተት ነው። ከካሚዮን ባሌስትራ በተሠራ ማረሻ ጤፍ ዘርቶ ልጆቹን ያሳደገው ገበሬ፣ ስልሳ አውቶሞቢል በዳስ ሥር ካዛገው ፈረንሳዊ ይልቅ ንብረቱን ተጠቅሞበታል።

አሁን ግን ሁኔታው ተለውጧል። አንደኛ፣ የቀረው ጥቂት ነው። በገበሬው ዘንድ ከጠፋም ወዲህ ለጊዜው ተርፎ የሚገኘው በየመሥሪያ ቤቱ ቅጥር ግቢ፣ ከግንቡ ጥግ ሣር በቅሎበት በቆመው ዕቃ መካከል ነው። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ሆሳዕና መቀመጫው ስለ ሆነች፣ መሥሪያ ቤት በበዛበት ከተማ ደግሞ ቅጥር ግቢ ማጽዳትና አሮጌ ንብረት ማስወገድ ግድ ነው። ንብረት አስወጋጁም የሚያየው ሰነድ ላይ የሠፈረውን ያገለገለ ተሽከርካሪ ነው፤ ለጨረታ ሲቀርብ የ2000 ዓ.ም. ፒካፕና የ1950 ዓ.ም. ላንድሮቨር በአንድ ተራ ይሰለፋሉ፣ በኪሎም ይመዘናሉ። ሁለተኛ፣ አንድ ጊዜ የወጣ አይመለስም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከሰባት ዓመት በላይ ባገለገለ አውቶሞቢል ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከለከለ። ሕጎቹ የወጡበት ምክንያት የታወቀና ተገቢ ነው፤ ዳሩ ግን አሮጌውን ከውጭ መልሶ ማምጣት እንደማይታሰብ ሁሉ፣ በአገር ውስጥ ያለው ብቸኛ ሆኖ ቀርቷል።

ከ1990ዎቹ ዓመታት ወዲህ ከሐዲያና ከከምባታ ብዙ ወጣቶች ወደ ደቡብ አፍሪቃ ተሻግረው በገጠር ከተሞች ሱቅ ከፍተው ይነግዳሉ፤ በሆሳዕና ለታዩት ብዙ ፎቆችም ገንዘቡ ከነርሱ መጥቷል። ደቡብ አፍሪቃ ፎርድ ገና በ1916 ዓ.ም. በፖርት ኤልዛቤት አውቶሞቢል መገጣጠም የጀመረበት አገር ስለ ሆነ፣ በገበሬ መጋዘን የተረሳ መኪና ፈላጊ በዚያም አይጠፋም። አንድ የሆሳዕና ልጅ በባዕድ አገር ሰው ዝገት ሲገዛ አይቶ ሲመለስ፣ በአባቱ አገር ያለው በኪሎ ሲሸጥ ቢያገኘው ምን ይላል?

የዕቃ ዋጋ ከውድነቱ ብቻ እንዳልሆነም በኢትዮጵያ ታሪክ የታየ ነገር አለ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥታቸው የተወሰዱት በቮልስዋገን ነው። ቮልስዋገን ከ21 ሚሊዮን በላይ የተሠራ፣ የተራ ሰው አውቶሞቢል ነው፤ ሆኖም የዚያን ቀን ታሪክ ያለ እርሱ አይነገርም። በ2017 ዓ.ም. ብሔራዊ ቤተ መንግሥት ታድሶ ሙዚየም ሲሆን የንጉሠ ነገሥቱ አውቶሞቢሎች ለሕዝብ ዕይታ ቀርበዋል። የቤተ መንግሥቱ ዕቃ እንግዲህ ጠባቂ አግኝቷል። የአውራጃው ግን አላገኘም፤ ምንም እንኳ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስን በታሪካዊና በሳይንሳዊ፣ በባህላዊም ዋጋው የሚመዝን እንጂ የንጉሥ ወይም የድኻ ብሎ የማይለይ ቢሆን።

ለዚህ ሥራ ትልቅ ገንዘብ አያስፈልግም። ንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ ጨረታ ከማውጣቱ በፊት ከ1967 ዓ.ም. በፊት የተሠራውን ለይቶ ቢያቆይ፣ የሻንሲውንና የሞተሩን ቁጥር፣ የቀድሞውን ሰሌዳ፣ በበሩ ላይ የሚነበበውን ጽሑፍና ያገለገለበትን መሥሪያ ቤት በአንድ መዝገብ ቢያስጽፍ፣ ከፊትና ከጎን ፎቶግራፍ ቢያስነሣ ጅምሩ በቂ ነው። የደብር ዕቃ ቤት መዝገብ አያያዝን የሚያውቁ ካህናት ለጸሐፊዎቹ መልካም አስተማሪዎች ይሆናሉ። ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ በሆሳዕናና በዱራሜ የሚያስተምር ሲሆን፣ አንድ ላንድሮቨርና አንድ ኤንትሬ በቆርቆሮ ጣራ ሥር ቢቆሙለት የምህንድስና ተማሪዎች የሞተርን ሥራ ከመጽሐፍ ውጭ የሚያዩበት ይሆናል። ቀለም መቀባት ግን አይገባም፤ በበሩ ላይ የተጻፈው «ከምባታና ሐዲያ አውራጃ» የሚለው ቃል ቢኖር፣ የመጀመሪያው ብሩሽ የሚያጠፋው እርሱን ነውና። የቆርቆሮው ጣራም ከሰኔ በፊት መሠራት አለበት።