ቢጫ ካርዱ ከመመታቱ በፊት

አንዲት የጋይንት እናት ካምፓላ ያለች ልጃቸውን ሊያርሱ ተነሡና ‹‹ሲስተር፣ የቢጫ ወባ ክትባት ውሰጂ ተባልኩ›› አሉኝ። ደጋችን ለበሽታው ትንኝ አይመችም፤ ኡጋንዳ ግን ካርዱን ትጠይቃለች። በሽታውም ክፉ ነው፤ በ1953 እና 1954 ዓ.ም. በኦሞና በዴዴሳ ሸለቆዎች 30,000 ያህል ሰው እንደፈጀ ይገመታል።

‹‹የሚወስዱት መድኃኒት አለ?›› አልኳቸው። ለመገጣጠሚያ ቁርጥማት ሜቶትሬክሴትና ፕሬድኒሶሎን ይወስዳሉ። ክትባቱ የተዳከመ ሕያው ቫይረስ ነው፤ እነዚህ መድኃኒቶች የሰውነትን መከላከያ ሲያደክሙ ቫይረሱ ሊበረታ ይችላል። ዕድሜ ከ60 ሲያልፍም ጥንቃቄው ይጨምራል።

ሐኪማቸው ክትባቱን ከለከሏቸው፤ ልጅቱም ለመውለድ ጋይንት መጣች።

እናንተም ከመከተባችሁ በፊት መድኃኒታችሁን ይዛችሁ ሐኪም አማክሩ። ለክትባት ብላችሁ ግን መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቋርጡ።