ፊንጫ ሃበራ፦ የባሌ ተራሮች ጥንታዊ ሰፈር

ባሌ ሲነሳ የብዙው ሰው ሐሳብ ወደ ሳነቴ አምባ ይሮጣል። መንገዱ መኪናን ከ4,000 ሜትር በላይ ያወጣል፤ ጎብኚው 4,377 ሜትር ከፍታ ባለው በቱሉ ዲምቱ አናት ላይ ፎቶ ይነሳና በዕለቱ ወርዶ ጎባ ወይም ሮቤ ያድራል። ተራራ አየሁ ለማለት ይህ ይበቃል። ተራራ ላይ ለማደር የፈለገ ግን ከሳነቴ ዝቅ ያለ፣ ከነፋስ ከለል ያለ፣ ውሃ የማይርቀው ቦታ ይመርጣል። የዌብ ሸለቆ ለዚህ የተመቸ ነው። በሸለቆው ውስጥ ፊንጫ ሃበራ የሚባል ፏፏቴ አለ፤ በአካባቢውም ድንኳን የሚተከልበት ትንሽ ሜዳ። ከፍታው ወደ 3,450 ሜትር ይጠጋል።

ካምፕ ሲባል መብራትና ሙቅ ሻወር የሚጠብቅ ሰው ቀድሞ ይወቀው፦ እዚህ የሚያገኘው ሣር፣ ወንዝና ሰማይ ነው፤ ሌላውን ሁሉ ይዞ ይመጣል። ቦታው ጭር ያለ ስለሆነ ባለቤት የሌለው ይመስላል። ነገር ግን ከጥንት ጀምሮ ሰው ሲያድርበት የኖረ፣ ዛሬም ሰውም አውሬም ቤቴ የሚለው ሸለቆ ነው። እዚያ ደህና አድሮ መመለስ የሚቻለውም ይህን አውቆ ለሄደ ነው።

መንገዱ

መነሻው ዲንሾ ነው። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኘው ይህች ትንሽ ከተማ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት መቀመጫ ናት። የመግቢያና የማደሪያ ክፍያው እዚያ ይጠናቀቃል፤ አስጎብኚውም፣ ጭነት የሚይዘው ፈረስና ባለፈረሱም እዚያው ይገኛሉ። ከጽሕፈት ቤቱ ዙሪያ ያለው የጥድና የኮሶ ደን የደጋ አጋዘን መኖሪያ ነው። ይህ አጋዘን ከኢትዮጵያ ደጋ በቀር በዓለም ላይ የትም አይገኝም፤ ዲንሾ ላይ ግን በግቢው አጠገብ ሲግጥ ማየት ብርቅ አይደለም።

ከዚያ ወዲያ የግማሽ ቀን ጉዞ አለ። ደኑ እየሳሳ ይሄድና አስታና አጫጭር ቁጥቋጦ ይተካዋል፤ ዳንካ ወንዝ ላይ ተፈጥሮ የሠራችው የድንጋይ ድልድይ ይታለፋል፤ ቀጥሎ ሸለቆው ይከፈታል። ወንዙ በዝቅተኛ ኮረብቶች መካከል እየተጠማዘዘ ይወርዳል። ይኸው የዌብ ውሃ በስተምሥራቅ ርቆ ሄዶ በሶፍ ዑመር ዋሻ ውስጥ ያልፋል፤ በመጨረሻም ከገናሌ ጋር ተገናኝቶ ጁባ ተብሎ ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ይገባል።

የመጀመሪያዎቹ አዳሪዎች

በፊንጫ ሃበራ የድንጋይ ጣሪያ ያለው መጠለያ አለ። የኢትዮጵያና የውጭ አገር ተመራማሪዎች ቆፍረው ያገኙትን እ.ኤ.አ. በ2019 ሳይንስ በተባለው መጽሔት አወጡ፦ ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት ባለው ዘመን ሰዎች በዚህ መጠለያ እየተመላለሱ ይኖሩ ነበር። ከዚያ ቀደም ሲል የሰው ልጅ እንዲህ ያለውን ከፍታ የደፈረው እጅግ ዘግይቶ ነው ተብሎ ይታሰብ ስለነበር ግኝቱ በዓለም ዙሪያ ተወራ።

ዘመኑ የበረዶ ዘመን ነው። ከሸለቆው በላይ ያለውን የሳነቴን አምባ የበረዶ ግግር ሸፍኖት ነበር፤ ቆላው ደግሞ ደረቅ ነበር። ሰዎቹን ወደ ላይ የሳባቸው ሦስት ነገር እንደሆነ ተመራማሪዎቹ ይገምታሉ። አንደኛው ከግግሩ የሚቀልጠው ውሃ ነው። ሁለተኛው ባልጩት ነው፤ ወደ 4,200 ሜትር ከፍታ እየወጡ ከበረዶው ጠርዝ አጠገብ ያወጡትና ስለታም መሣሪያ ይሠሩበት ነበር። ሦስተኛው ምግብ ነው። በመጠለያው ከተገኘው አጥንት ከ90 በመቶ በላይ የሆነው የአንድ እንስሳ፣ የግዙፉ ፍልፈል ነው፤ ብዙውም እሳት የነካው። ውሃ፣ መሣሪያና እሳት ላይ የተጠበሰ ሥጋ፦ ዛሬ በፈረስ ጭነን የምንወስደውን እነሱ እዚያው አግኝተውታል።

የቀኑ ባለቤቶች

ያ ፍልፈል ዛሬም አለ፤ ከባሌ ውጭም አይገኝም። ትልቁ አንድ ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ጠዋት ፀሐይ ሞቅ ሲያደርግ ሜዳው ላይ ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው ያየዋል። መጀመሪያ ከጉድጓዱ አፍ አፈር ይገፋል። ቀጥሎ ጭንቅላቱ ብቅ ይላል፤ ዓይኖቹ ወደ አናቱ የተጠጉ ስለሆኑ ገና ሳይወጣ ዙሪያውን ይቃኛል። ግማሽ አካሉን ብቻ አውጥቶ በዙሪያው ያለውን ሣር በጥርሱ እየቆረጠ በአፉ ይሰበስብና የኋሊት ወደ ጉድጓዱ ይመለሳል። በቀን ውስጥ ከመሬት በላይ የሚቆየው ለጥቂት ጊዜ ነው።

ይህን ያህል የሚጠነቀቀው ቀይ ቀበሮን ፈርቶ ነው። ቀይ ቀበሮ በቡድን ይኖራል፤ የሚያድነው ግን ለብቻው፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። ጆሮውን ወደፊት ቀስሮ ይቆማል፤ ደረቱን ወደ መሬት ዝቅ አድርጎ እግሩን አንድ በአንድ ያነሳል፤ ከዚያ ይወረወራል። ካመለጠው ይቆፍራል። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ከ500 ያንሳሉ፤ ከግማሽ በላዩም ባሌ ውስጥ ነው።

ትልቁ ጠላታቸው ከውሻ የሚመጣ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ እንደገናም በ2003 የእብድ ውሻ በሽታ ገብቶ በዌብ ሸለቆ የነበሩትን አብዛኞቹን ቀበሮዎች ፈጅቷቸዋል። ስለዚህ በአካባቢው ያሉ ውሾች ይከተባሉ፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 ወዲህ ደግሞ ክትባትን ሥጋ ውስጥ ደብቆ ለቀበሮዎቹ ራሳቸው መስጠት ተጀምሯል።

ሸለቆው የአርብቶ አደሩም ነው። የባሌ ኦሮሞ ከብቱን በየወቅቱ ከቦታ ቦታ የሚያዘዋውርበት ጎዳንቱ የሚባል የቆየ ሥርዓት አለው። እርሻው ሲዘራ ከብቱ ወደ ከፍታው ይወጣል፤ በደረቁ ወቅት ደግሞ ለግጦሽና ለጥላ ወደ ሐረና ጫካ የሚወርድ አለ። ከብቱ ማዕድን ያለውን የሆራ ውሃ ሊጠጣ የሚመጣውም ወደዚህ ነው። ድንኳን የተከላችሁበት ሜዳ የአንድ ሰው የግጦሽ ቦታ ነውና በአጠገባችሁ ለሚያልፈው እረኛ ቀድማችሁ «አካም ጅርቱ» በሉ። ሰላምታው ለእንግዳ ከማንኛውም ወረቀት በፊት የሚሠራ ፈቃድ ነው።

ሌሊቱን ማለፍ

ባሌ ከምድር ወገብ 7 ዲግሪ ያህል ብቻ ስለሚርቅ የሙቀቱ ልዩነት ከወቅት ወቅት ይልቅ በቀንና በሌሊት መካከል ይበልጣል። በደረቁ ወራት ቀን በሸሚዝ ይኬዳል፤ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ግን ደመና የሌለበት ሰማይ የመሬቱን ሙቀት ይዞት ይሄዳል፤ ንጋት ላይ ሣሩ ውርጭ ለብሶ ይገኛል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ሌሊቱን ከየኮረብታው እየወረደ ሸለቆው ወለል ላይ ይተኛል። ስለዚህ ልምድ ያለው ሰው ድንኳኑን ወንዙ ዳር አይተክልም፤ ጥቂት ሜትሮች ከፍ ይላል። ፍልፈል የቆፈረውን መሬትም ይሸሻል።

ብርድ የሚገባው በላይ ብቻ እንዳይመስላችሁ። መሬቱ ከሥር የሰውነትን ሙቀት ይመጥጣል፤ ስለዚህ ሁለት ጋቢ ከመደረብ ይልቅ አንዱን በፍራሹ ሥር ማንጠፍ ይሻላል። የድንኳኑን መተንፈሻ ጥርቅም አድርጎ መዝጋትም ስሕተት ነው፤ የትንፋሽ እንፋሎት ጣሪያው ላይ ጠል ይሆንና ወደ ተኙት ይንጠባጠባል።

ምግብም በከፍታው ይገዛል። እዚያ ውሃ የሚፈላው 88 እና 89 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ባቄላም ሆነ ምስር ሲንተከተክ ቢውል ቶሎ አይበስልም፤ ጋዙ ግን ያልቃል። አባቶቻችን ለመንገድ ያዘጋጁት ስንቅ እዚህ ላይ ነው ብልጫው የሚታየው፦ በሶ እሳት አይፈልግም፤ ድርቆሽ ሙቅ ውሃና ጥቂት በርበሬ ካገኘ ራት ነው፤ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ኪስ ውስጥ ይያዛል።

አየሩ ስስ ነው። የአዲስ አበባ ነዋሪ 2,300 እና 2,400 ሜትር ላይ ስለሚኖር ከባሕር ዳርቻ ከመጣው ሰው የተሻለ ይቋቋማል፤ ቢሆንም ከመውጣቱ በፊት አንድ ሌሊት ዲንሾ ማደሩ ይጠቅመዋል። ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ ጋር ተደርቦ እየባሰ ከሄደ መድኃኒቱ አንድ ነው፤ መውረድ።

ለመሄድ ላሰባችሁ

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ዝናው የሚያመጣው እንግዳ ግን እንዲህ ላለች ጠባብ ሜዳ ሸክም ሊሆን ይችላል። አስታው ዘገምተኛ ተክል ነው፤ ለአንድ ምሽት እሳት የተቆረጠው ቶሎ አይተካም፤ ስለዚህ ቡታጋዛችሁን ያዙ። የተረፈ ምግብ ሜዳ ላይ አትጣሉ፤ ውሻ ይጠራል፤ ውሻውም በሽታውን ይዞ ወደ ቀበሮው ይቀርባል። ፌስታልና ጣሳውን በመጣበት ፈረስ መልሱ። ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ሂዱ፤ ከአንድ ይልቅ ሁለት ሌሊት ያዙ፤ ውሻችሁን ግን ቤት ተዉት።