መሶብ ከቡፌ አናት ይውረድ

በደብረ ታቦርም ሆነ በአዲስ አበባ፣ በብዙ ሳሎኖች መሶብ ዛሬ የሚገኘው ቡፌ አናት ላይ ለጌጥ ተቀምጦ ነው። የቤቱን መሃል የያዘው ባለ መስታወት ጠረጴዛ ነው፤ ቦታ ይወስዳል እንጂ ውስጡ የሚይዘው አንዳች የለም። ሁለቱ ቦታ መለዋወጥ አለባቸው ባይ ነኝ። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በአዲስ አበባ በተጀመረው የኮንዶሚኒየም ግንባታ የስቱዲዮው ወለል ከ20 ካሬ ሜትር እንዳይበልጥ፣ የባለ አንድ መኝታውም ከ20 እስከ 30 እንዲሆን ታቅዶ ነበር። አልጋና ሶፋ ከገቡ በኋላ በሚተርፈው ቦታ ላይ አንድ ሥራ ብቻ የሚሠራ ዕቃ ማቆም ብክነት ነው። ከአክርማና ከስንደዶ በወስፌ የሚሰፋው መሶብ ግን ሲከደን እንጀራውን ከአቧራና ከዝንብ ጠብቆ ያኖራል፤ ሲከፈት ቤተሰቡ የሚከበው ገበታ ይሆናል፤ ተበልቶ ሲያበቃ አንድ ሰው ብቻውን አንሥቶ ጥግ ያስይዘዋል። የአለላው ቀለም አብሮ የተሰፋ ስለሆነ ሌላ ማስጌጫ አያሻውም።

እንጀራ አሁን በፕላስቲክ ዕቃ ይቀመጣል የሚል አለ። እውነት ነው፤ ታዲያ ነጠላው፣ ሲኒው፣ የልጆች ደብተር ማደሪያ ይፈልጋል። የእህል ዕቃ ውስጥ ሌላ ነገር አይገባም የሚሉም አሉ፤ ይህን ክብር እኔም እጋራዋለሁ። ለእህል የተሰፋው ለእህል ይቆይ። ነገር ግን ሰፊዎቻችን ጌጣጌጥና ጥጥ የሚቀመጥበትን ሙዳይም ሲሰፉ ኖረዋል፤ ያንኑ ሙያ በትልቁ ማዘዝ ነውር የለውም። ከበድ ያለው ተቃውሞ እርጥበት ነው። ሣር ረጥቦ ከዋለ ይሻግታል፤ በደቡብ ጎንደር ደጋ ክረምት ደግሞ ፀሐይ እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ መሶቡ ከወለሉ ከፍ ብሎ መቀመጥ፣ ብራ በሆነ ቀን ሁሉ ክዳኑ ተከፍቶ መናፈስ አለበት። ትኩስ ጀበናም አይሸከምም፤ ለዚያ አናጺ የሠራው፣ ለሲኒ መሳቢያ ያለው ረከቦት ይሻላል።

መሶብ የሚያዝዝ ሰው መጀመሪያ የሶፋውን መቀመጫ ከፍታ ይለካ፤ የመሶቡ አፍ ከዚያ ብዙ ባይርቅ እጅ ሳይንጠራራ ይደርሳል። እግሩ ሰፋ ያለ ይሁን፣ ልጅ ሲደገፈው እንዳይወድቅ። ክዳኑ እንደ ወትሮው ሾጣጣ ሳይሆን ዝርግ ሆኖ ይሰፋ፤ ትሪ ያስቀምጣል። ዋጋው ከፋብሪካው ጠረጴዛ ቢበልጥ አያስገርምም፤ በእጅ፣ ዙር በዙር የሚሰፋ ነውና ሰፊዋ የደከመችበትን ሳይቀንሱ መክፈል ይገባል።