መንገድ የሚያሻግር ውሻ

ውሻ ጌታውን በሽታው መለየት ከተፈጥሮው ያውቃል። የመኪናን ፍጥነት መገመት ግን አልተሰጠውም፤ ስለዚህ ድመት አይቶ ሲሮጥ ከመንኰራኵር ሥር ይገባል። ይህን ያላየ ልጅ ጥቂት ነው። ዳሩ ግን ቢያስተምሩት ራሱን ብቻ ሳይሆን ሰውንም ከአደጋ ያድናል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1916 ዓ.ም. በጀርመን አገር በኦልደንቡርግ ከተማ፣ በጦርነት ዓይናቸው ለጠፋ ወታደሮች መሪ ውሾች የሚሠለጥኑበት ትምህርት ቤት ተከፈተ። በ1928 ዓ.ም. ደግሞ ሞሪስ ፍራንክ የሚባል አሜሪካዊ ዓይነ ስውር ወደ ስዊስ አገር ሄዶ በዲ ከምትባል ውሻ ጋር ሠለጠነ፤ ተመልሶም መኪና የሚተራመስበትን የኒውዮርክ ጐዳና በርስዋ መሪነት ተሻገረ።

ብዙ ሰው እንዲህ ያለው ውሻ የመብራቱን ቀለም አይቶ የሚያሻግር ይመስለዋል። ነገሩ እንዲህ አይደለም፤ የውሻ ዓይን ቀዩን ከአረንጓዴው አጥርቶ አይለይም። የመኪናውን ድምፅ አዳምጦ «ሂድ» የሚለው ሰውየው ነው። ውሻው ከመንገዱ ጠርዝ ሲደርስ መቆምን አስቀድሞ ተምሯል፤ በቆመም ቍጥር ይመሰገናል።

ነገር ግን ሰውየው ተሳስቶ «ሂድ» ቢለው፣ ውሻውም መኪና ሲመጣ ቢያይ፣ አይታዘዝም፤ ጌታው ቢቆጣም ከቦታው አይነቃነቅም። መታዘዝን ማስተማር ቀላል ነው፤ እኛ መምህራን ይህን እናውቃለን። መቼ እንዳይታዘዝ ማስተማር ግን እጅግ ይከብዳል። ስለዚህ አሠልጣኞቹ ሆነ ብለው መኪና በፊቱ ይነዳሉ፤ ውሻው «ሂድ» እየተባለ ወደ ኋላ እስኪያፈገፍግ ድረስም ይደጋግሙታል።