የዲጂታል ዲዛይነሮች ዓመታዊ ጉባዔና የጤና ባለሙያው

በሆስፒታሎቻችንና በጤና ጣቢያዎቻችን የወረቀት ካርድ ቦታውን ለኮምፒዩተር እየለቀቀ በመጣ መጠን፣ ለሕመምተኛው የሚሰጠው አገልግሎት በከፊል በአንድ የማናውቀው ባለሙያ ውሳኔ ሥር እየዋለ ይገኛል። ይህ ባለሙያ የስክሪኑን ገጽታ የሚነድፈው ዲዛይነር ነው። የትኛው ቁልፍ የት እንደሚቀመጥ፣ የትኛው ቁጥር ጎልቶ እንደሚታይ፣ ሕመምተኛው የመድኃኒት አለርጂ እንዳለበት የሚያስጠነቅቀው ጽሑፍ በምን ቀለም እንደሚወጣ የሚወስነው እርሱ ነው። የዚህ ሙያ ሰዎች በየዓመቱ ከሚገናኙባቸው ጉባዔዎች መካከል በስፋት ከሚታወቁት አንዱ ኮንፊግ ይባላል። ጉባዔው ምን እንደሆነ፣ ከሩቅ እንዴት መከታተል እንደሚቻልና የጤና ባለሙያው ከዚያ ምን ሊያገኝ እንደሚችል ማስረዳት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው።

የገጽታ ንድፍ ከሕይወት ጋር ምን ያህል እንደሚያያዝ አንድ በሰፊው የተጠና አደጋ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ2006 በካናዳ ኤድመንተን ከተማ ለአንዲት የካንሰር ሕመምተኛ ፍሉሮዩራሲል የተባለው መድኃኒት በተንቀሳቃሽ ፓምፕ አማካይነት በ4 ቀናት ውስጥ ቀስ እያለ እንዲሰጣት ታዘዘ። መድኃኒቱ ግን በ4 ሰዓት ውስጥ ፈስሶ አለቀ፤ ሕመምተኛዋም ከሳምንታት በኋላ ሕይወቷ አለፈ። ፓምፑ የሚጠይቀው በሰዓት የሚፈሰውን መጠን ሲሆን፣ ትክክለኛው ቁጥር 1.2 ሚሊ ሊትር ነበር። ስሌቱ ሲሠራ ለ24 ማካፈሉ ተዘነጋና 28.8 ተገኘ። በመድኃኒቱ መለያ ወረቀት ላይ የ24 ሰዓቱ መጠን ሆኖ ይኸው 28.8 ታትሞ ስለነበር ውጤቱ ትክክል መሰለ። ሁለተኛ ነርስም አመሳክራ አሳለፈችው። ፓምፑም ያለ አንዳች ጥያቄ ቁጥሩን ተቀበለ። ከዚያ በኋላ የተካሄደው ምርመራ በነርሶቹ ላይ ጣት በመቀሰር ሳይወሰን፣ የመለያ ወረቀቱን አጻጻፍና የፓምፑን አሠራር ከአደጋው መንስዔዎች መካከል አስቀመጠ።

የኮምፒዩተር የመድኃኒት ማዘዣም ከዚህ አይለይም። ሮስ ኮፐልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት በአንድ የአሜሪካ ማስተማሪያ ሆስፒታል ይሠራበት የነበረው ሥርዓት ለ22 ዓይነት የመድኃኒት ስሕተቶች በር እንደሚከፍት አመልክተዋል። የአንድን ሕመምተኛ መድኃኒቶች በሙሉ ለማየት እስከ 20 ስክሪን መገላበጥ የሚያስፈልግበት ጊዜ ነበር። ሥርዓቱ የተገዛው ስሕተትን ለመቀነስ እንደነበር ማስታወስ ያስፈልጋል።

ወደ ጉባዔው እንመለስ። ኮንፊግን የሚያዘጋጀው ፊግማ የተባለው ኩባንያ ነው። ኩባንያው ዲላን ፊልድና ኢቫን ዋላስ እ.ኤ.አ. በ2012 የመሠረቱት ሲሆን፣ ሥራው ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ በኢንተርኔት አማካይነት አንድን ስክሪን በጋራ የሚነድፉበትን ሶፍትዌር ማቅረብ ነው። የመጀመሪያው ጉባዔ በ2020 በሳን ፍራንሲስኮ ተካሄደ። የኮቪድ ወረርሽኝ በተከተሉት ሁለት ዓመታት በኢንተርኔት ብቻ እንዲካሄድ ካስገደደው በኋላ፣ በ2023 ተሳታፊዎች በአካል ወደሚገናኙበት አዳራሽ ተመለሰ። በ2025 በሳን ፍራንሲስኮና በለንደን በሁለት ቦታ ተካሂዷል።

ከአገር ሳይወጡ መከታተል የሚፈልጉ ባልደረቦች ብዙ ወጪ አይጠብቃቸውም። እስከ 2025 በነበሩት ጉባዔዎች ዋና ዋና ንግግሮች በኢንተርኔት በነፃ ይተላለፉ ነበር፤ ቅጂዎቻቸውም በዩቲዩብ ይገኛሉ። በሳን ፍራንሲስኮ በበጋው ወራት ጠዋት የሚከፈት ስብሰባ እዚያ 9 ሰዓት ላይ ቢጀምር፣ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 1 ሰዓት ይሆናል። ከሥራ በኋላ ለመከታተል የሚመች ሰዓት ነው፤ ተረኛ ለሆነ ባለሙያ ግን ቅጂውን በኋላ ማየቱ ይሻላል። የኢንተርኔቱ መስመር ደካማ በሆነበት አካባቢ ደግሞ አንድ ሰው ቅጂውን አውርዶ ለክፍሉ ባልደረቦች በጋራ ማሳየቱ የተለመደ ዘዴ ነው።

ምኑን ማየት ይገባል? በእኔ አስተያየት የመክፈቻው ንግግር ለእኛ ብዙም አይጠቅመንም። የኩባንያው አዳዲስ ምርቶች የሚተዋወቁበት በመሆኑ ጭብጨባው ከትምህርቱ ይበዛል። ፍሬው ያለው ዲዛይነሮች የራሳቸውን ሥራ በሚያብራሩባቸው አጫጭር ገለጻዎች ውስጥ ነው። ከተጠቃሚዎች ጋር ስለሚደረግ ሙከራ፣ ተጠቃሚው ሲሳሳት ስክሪኑ ምን ሊለው እንደሚገባ፣ የማየት ችግር ላለባቸው ሰዎች ስለሚደረግ ንድፍ የሚናገሩትን መርጦ መስማት ያዋጣል። ለምሳሌ የዓለም አቀፍ ድር ጥምረት የተደራሽነት መመሪያ በተራ ጽሑፍና በጀርባው ቀለም መካከል ያለው የብርሃን ንፅፅር ቢያንስ 4.5 ለ 1 እንዲሆን ይጠይቃል። ፀሐይ በሚያንጸባርቅበት የጤና ኬላ በረንዳ ላይ ታብሌት ይዛ ለምትመዘግብ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ይህ ቁጥር የክትባቱን ቀን በትክክል ማንበብና አለማንበብ ማለት ነው። በነጭ ላይ በፈዛዛ ግራጫ መጻፍ የዲዛይነሮች ፋሽን ሆኖ መቆየቱን ስናስብ፣ ይህን መለኪያ ማወቃችን ሥርዓት ሲገዛ የምንጠይቀው ጥያቄ ይሰጠናል።

ጉባዔውን በጥርጣሬ ዓይን ማየትም ያስፈልጋል። በ2024 ኩባንያው በሰው ሠራሽ አስተውሎት አማካይነት ንድፍ የሚያወጣ አዲስ አገልግሎት በጉባዔው ላይ አስተዋወቀ። ጥቂት ቀናት ሳይቆይ፣ አገልግሎቱ የአየር ጠባይ መተግበሪያ እንዲነድፍ ሲታዘዝ የአፕልን የሚመስል ንድፍ እየደጋገመ እንደሚያወጣ አንድ ዲዛይነር አሳየ፤ ኩባንያውም አገልግሎቱን ለጊዜው አቋረጠ። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ዲላን ፊልድ በቂ የጥራት ፍተሻ እንዲደረግ አለመጠየቁንና ሥራው ለጉባዔው እንዲደርስ ሠራተኞቹን ማጣደፉን በመጥቀስ ኃላፊነቱን በይፋ ወሰደ። በአየር ጠባይ መተግበሪያ ላይ የደረሰው ጉዳት ቀላል ነው። ለምረቃ ቀን እንዲደርስ ተጣድፎ በተኝቶ ማከሚያ ክፍል የተዘረጋ የመድኃኒት ማዘዣ ሥርዓት ግን ዋጋው ሌላ ነው።

በአካል መሄድ ለሚችል ባለሙያ ወይም ለሚልክ ተቋም ጥቂት ነገር ልጨምር። የመግቢያው፣ የአውሮፕላኑና የማደሪያው ወጪ ከፍተኛ ነው፤ የቪዛ ቀጠሮም ወራት ሊወስድ ስለሚችል አስቀድሞ ማመልከት ይገባል። ተቋሙ የሚልከው አንድ ሰው ብቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ የኮምፒዩተር ክፍሉ ኃላፊ ይመረጣል። ይህ አያስገርምም፤ ነገር ግን ሥርዓቱን በሌሊት ተራ፣ መብራት በሚቆራረጥበት ሰዓት፣ በአንድ እጇ የሴረም ከረጢት ይዛ የምትጠቀመው ነርስ ብትሄድ የምታነሣው ጥያቄ ይለያል። ከተቻለ ሁለቱ አብረው ቢሄዱ መልካም ነው።

ወደዚህ ጉባዔ የሚሄድ ባለሙያ ተማሪ ብቻ ሆኖ መቀመጥ የለበትም። ዲዛይነሮቹ የማያውቁት፣ እኛ ግን በየቀኑ የምንኖረው ነገር ብዙ ነው። ሕመምተኛው «መድኃኒቱን 3 ሰዓት ላይ ውሰድ» ሲባል የሚረዳው ሰዓት የስልኩ ማስታወሻ በፈረንጅ አቆጣጠር ከሚጮህበት 3 ሰዓት ጋር አይገጥምም፤ ልዩነቱ 6 ሰዓት ነው። የወሊድ ቀን በ13 ወር አቆጣጠር ሲነገርና ቅጹ 12 ወር ብቻ ሲፈቅድ፣ ጳጉሜን 3 የተወለደ ሕፃን የት ይመዝገብ? የግዕዝ ፊደል በትንሽ መጠን ሲጻፍ አንዱን ፊደል ከሌላው የሚለዩት ቅጥያዎች ይጠፋሉ፤ ለእንግሊዝኛ የሚበቃው የፊደል መጠን ለአማርኛ ላይበቃ ይችላል። ዲዛይነሮች ቁጥሮችን በአምድ ለማሰለፍ ሲሉ 1 ሚሊ ግራምን «1.0» ብለው ማሳየት ይወዳሉ። የነጥቧ ምልክት ሳትታይ ስትቀር ትእዛዙ 10 ሚሊ ግራም ተብሎ እንደሚነበብ፣ በዚህም ምክንያት ከነጥብ በኋላ ትርፍ ዜሮ መጻፍ በመድኃኒት አስተዛዘዝ የተነቀፈ መሆኑን የሚነግራቸው የጤና ባለሙያ ነው። እነዚህን በምሳሌ አስደግፎ የሚያቀርብ ሰው በእንዲህ ዓይነቱ ስብሰባ ሰሚ አያጣም።

ምሳሌው ግን የእውነተኛ ሕመምተኛ መሆን የለበትም። የስክሪን ፎቶግራፍ አንሥቶ ለማሳየት ወይም በጉባዔው የተዋወቀን አዲስ ሶፍትዌር ለመሞከር የሕመምተኛን ስም፣ የካርድ ቁጥር ወይም የምርመራ ውጤት ማስገባት፣ መረጃው ውጭ አገር ባለ ኮምፒዩተር ላይ እንዲቀመጥ ማድረግ ነው። በአገራችን በ2024 የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መካከል መድቦታል፤ የሙያ ምስጢር የመጠበቅ ግዴታችን ደግሞ ከአዋጁ በፊትም የነበረ ነው። ለማሳያ የሚሆን ሙሉ በሙሉ የተፈጠረ መዝገብ ማዘጋጀት ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

ከጉባዔው በኋላ ሊሞከር የሚችል አንድ ዘዴ እነሆ። የገጽታ አጠቃቀም ተመራማሪው ያኮብ ኒልሰን እንደሚለው፣ አንድን ንድፍ 5 ተጠቃሚዎች ብቻ ሲሞክሩት አብዛኞቹ ችግሮቹ ይገለጣሉ። ይህን ለመፈጸም ፊግማም ሆነ ሌላ ሶፍትዌር የግድ አያስፈልግም። ሊተከል የታሰበው ቅጽ በወረቀት ላይ ይነደፍና ለአምስት ባልደረቦች በተራ ይሰጥ። አንድ የተለመደ ሥራ፣ ለምሳሌ 12 ኪሎ ግራም ለሚመዝን ሕፃን ፓራሲታሞል ማዘዝ፣ እንዲፈጽሙ ይጠየቁ። ጠያቂው አይርዳቸው፣ አያርማቸው፤ የት እንደቆሙ፣ የት እንደተመለሱ፣ ክብደቱን ከዕድሜው ሣጥን ውስጥ የጻፈ እንዳለ ብቻ ይመዝግብ። ማስታወሻው ውሉ ከመፈረሙ በፊት ለአቅራቢው ድርጅት ቢሰጥ ማስተካከያው የወረቀት ዋጋ ብቻ ይጠይቃል።