ለእንግዳ የሚሰጥ መሣሪያ

በኮምፒውተር ሙያ «እንግዳ» የሚባል ነገር አለ። አንድ ትልቅ ኮምፒውተር በሶፍትዌር ተከፋፍሎ እንደ ብዙ ኮምፒውተር ሲሠራ፣ በውስጡ ያለው እያንዳንዱ ኮምፒውተር ቨርቹዋል ማሽን ወይም እንግዳ ይባላል። እንግዶቹን የተቀበለው ዋናው ኮምፒውተር ደግሞ አስተናጋጅ ነው። እዚህ ናይሮቢ ተቀምጠን የፈተና ውጤት ወይም የክፍያ መዝገብ በኢንተርኔት ስናይ፣ መረጃው ብዙ ጊዜ የሚገኘው እንዲህ ባለ ማሽን ውስጥ ነው። በዚያው ኮምፒውተር ላይ የማናውቃቸው ሰዎች እንግዶችም አብረው ያድራሉ። አንዱ እንግዳ የሌላውን ጓዳ እንዳያይ የሚጠብቀው ከርነል፣ ማለትም የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ነው።

አሠራሩ አዲስ አይደለም። አይ.ቢ.ኤም. የጀመረው በ1960ዎቹ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የተከፈተውን የአማዞን የኪራይ ኮምፒውተር አገልግሎት፣ ኢ.ሲ.ቱን፣ የሠራው ቡድን ደግሞ በእኛው አህጉር፣ በኬፕታውን ይሠራ ነበር። ኬ.ቪ.ኤም. የተባለው እንግዳ ተቀባይ ክፍል ወደ ሊኑክስ ከርነል የገባው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው።

እንግዳ ሜሞሪ ብቻ አይበቃውም፤ ኔትወርክ ካርድ፣ ዲስክ፣ አንዳንዴም ግራፊክስ ካርድ ያስፈልገዋል። እነዚህን በሦስት መንገድ ማግኘት ይችላል። አንደኛው፣ አስተናጋጁ በሶፍትዌር ብቻ የተሠራ አስመሳይ መሣሪያ ይሰጠዋል። ሁለተኛው፣ እውነተኛውን ካርድ እንዳለ ያስረክበዋል፤ ይህ ፈጣን ነው። ሦስተኛው፣ አንዱ ካርድ ተከፋፍሎ ለብዙ እንግዶች ይታደላል።

አስመሳዩ መሣሪያም ቢሆን ጥንቃቄ ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2015 «ቬኖም» የተባለ ጉድለት ይፋ ሆነ። ጉድለቱ የተገኘው ኪዩኢሙ በሚባለው ሶፍትዌር ውስጥ፣ ማንም በማይጠቀምበት አስመሳይ የፍሎፒ ዲስክ መቆጣጠሪያ ላይ ነው። ከ2004 ጀምሮ እዚያው ተቀምጦ ነበር። በእንግዳው ውስጥ ሙሉ ሥልጣን ያለው ሰው በዚህ ቀዳዳ ወደ አስተናጋጁ መውጣት ይችል ነበር። የማያስፈልግ መሣሪያ መስጠት በር ከፍቶ እንደ መተው ነው።

እውነተኛ ካርድ ሲሰጥ አደጋው ሌላ ነው። ኔትወርክ ካርድ ከመስመር የመጣለትን መረጃ፣ ፕሮሰሰሩን በየጊዜው ሳያስፈቅድ፣ ራሱ ሜሞሪ ላይ ይጽፋል። ይህ ለፍጥነት የተደረገ ነው። ነገር ግን ካርዱን የሚያዝዘው እንግዳ «እዚያ ጻፍ» ብሎ የጎረቤቱን ወይም የአስተናጋጁን ሜሞሪ ቢጠቁምስ? ከርነሉ ዘብ የሚያቆመው ለዚህ ነው። ዘቡ አይ.ኦ.ኤም.ኤም.ዩ. ይባላል። ካርዱ የሚጠራውን እያንዳንዱን አድራሻ እየፈተሸ፣ ለዚያ እንግዳ ከተፈቀደው ሜሞሪ ውጭ ያለውን ይከለክላል። እ.ኤ.አ. በ2012 በሊኑክስ 3.6 የገባው ቪ.ኤፍ.አይ.ኦ. የተባለው ክፍል ካርድ የሚያስረክበው በዚህ ዘብ በኩል ነው። ሁለት መሣሪያዎች በዘቡ ሳያልፉ እርስ በርስ መነጋገር የሚችሉ ከሆነ እንደ አንድ ቡድን ይቆጠራሉ። አንዱን ለእንግዳ ሰጥቶ ሌላውን አስተናጋጁ እየሠራበት እንዲቆይ ቪ.ኤፍ.አይ.ኦ. አይፈቅድም።

ቀጥሎ የሚመጣው የምዝገባ ጉዳይ ነው። ከኢስሊ ወደ ሞያሌ የሚሄድ አውቶቡስ አስቡ። ሁለት ትኬት ቆራጮች በአንድ ጊዜ መዝገቡን ተመልክተው 12 ቁጥር ወንበር ባዶ መሆኑን ያያሉ፤ ሁለቱም ይሸጡታል። ችግሩ የሚታወቀው ሁለቱ መንገደኞች ሲሳፈሩ ነው። ቆራጮቹ ሁለቱም መዝገቡን አይተዋል፤ ጥፋቱ በማየትና በመጻፍ መካከል ክፍተት መኖሩ ነው። ከርነልም ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ ስለሚያከናውን ይኸው ሊደርስበት ይችላል። ስለዚህ መጀመሪያ መዝገቡን ይቆልፋል፤ ቁልፉ በእጁ እያለ መሣሪያው ነጻ መሆኑን ያያል፣ ይመድባል፣ ከዚያ ይከፍታል። በመሃል ሌላ ጠያቂ ቢመጣ ቆሞ ይጠብቃል፤ ተራው ሲደርስም «ተይዟል» ይባላል።

ከመስጠት ይልቅ የሚከብደው መልሶ መረከብ ነው። እንግዳው ሲወጣ ከርነሉ ካርዱ መጻፉን እንዲያቆም ያደርጋል፤ ቀጥሎ በዘቡ የተሰጠውን ፈቃድ ይሰርዛል፤ ሜሞሪውን ለሌላ የሚለቀው ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ፣ ሜሞሪው ለአዲስ እንግዳ ከተሰጠ በኋላ አሮጌው ካርድ እላዩ ላይ ሊጽፍ ይችላል። ከርነሉ መሣሪያውን ስንት ተጠቃሚ እንደያዘውም ይቆጥራል፤ ቁጥሩ ዜሮ ሳይደርስ መዝገቡን አያጠፋም።

ሌላው ነገር ጽዳት ነው። በአይ.ቢ.ኤም. ትልልቅ ኮምፒውተሮች ላይ መረጃን ወደ ምስጢር የሚቀይሩ ካርዶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ የወጣው ሊኑክስ 4.20 እነዚህን ካርዶች ለእንግዶች ማደል ጀመረ። ከርነሉ የካርዱን አንድ ክፍል ለሁለት እንግዶች አይመድብም፤ አንዱ ሲለቀውም የቀረበት ነገር ለሚቀጥለው እንዳይተርፍ ያጸዳዋል። የአንዱ ምስጢር በሌላው እጅ እንዳይገባ የሚከላከለው ይህ ጽዳት ነው።

የኬንያ የመረጃ ጥበቃ ሕግ እ.ኤ.አ. በ2019 ሲወጣ፣ የሰው መረጃ የያዘ ድርጅት መረጃውን በደኅንነት የመጠበቅ ግዴታ እንዳለበት ደንግጓል። ግዴታው በወረቀት ብቻ አይፈጸምም፤ ከላይ እንዳየነው ባሉ የኮድ መስመሮችም ይፈጸማል። የሊኑክስ ኮድ ለማንም ክፍት ነው። ፕሮግራም መጻፍ የምትማሩ ልጆች፣ አንድ ነገር ለተጠቃሚ የሚሰጥ መስመር ስትጽፉ የሚረከበውንም መስመር አብራችሁ ጻፉ። ወላጆችና የትምህርት ቤታችን ሠራተኞች ደግሞ መረጃችሁን ለሚያስቀምጥ ድርጅት አንድ ጥያቄ አቅርቡ፦ እኛ ስንወጣ የነበርንበት ቦታ ለሌላ ከመሰጠቱ በፊት ማን ያጸዳዋል?